ጅማት የዋጣት መቀነስ

ሶዶ ላይ አልጀብራ የሚያውቅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለምና ኮርቼ ነበር። ኩራት እራት ነው ይላሉ፤ እኔን ግን አላጠገበኝም። ጣልያን ከመምጣቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ ነው። በአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ፊደልና ቁጥር እንዳስተምር ከአዲስ አበባ ተልኬ፣ በዓለም የቀረችኝን አንዲት እህቴን እዚያው ትቻት መጥቻለሁ። ልጆቹ ወደየቤታቸው ተበትነው የዳሞታ ተራራ ጉም ሲለብስ ለብቻዬ ቅንፍ እፈታለሁ። ሰው ሲናፍቀኝ የማደርገው ይህንኑ ነበር።

ወረቀት ብርቅ ስለሆነ እኔም ተማሪዎቼም የምንለማመደው በእንሰት ቅጠል ላይ ነው። በእሾህ የተጫረው ጥቂት ቆይቶ ይጠቁርና ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ታዲያ የቅጠሉ ጅማቶች እንደ መስመር ጎን ለጎን ተደርድረው ስለሚሄዱ፣ እነሱን ተከትሎ ለጻፈ ሰው የመቀነስ ምልክት ጅማት መስላ ትጠፋለች። «ጅማቱን አቋርጣችሁ ጻፉ!» እያልኩ ልጆቹን ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የፈተና ጥያቄ መጣ። ያለፈ አንድ መምህር እዚያ ሄዶ ትምህርቱን ይቀጥላል ተባለ። እህቴ ዘንድ ልገባ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። የአገረ ገዢው ጸሐፊ ግን «ጥያቄው ከዚህ አይወጣም፤ እዚሁ ገልብጥ፣ መልሱን ነገ በዚህ አምጣ» ብሎ አንዲት ንጹሕ ወረቀት ሰጠኝ። እሷን ላለማበላሸት ከጓሮ የእንሰት ቅጠል ቀደድኩና፣ ሰውዬው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ በላዬ ቆሞ፣ እየተጣደፍኩ ገለበጥኩ።

ቤቴ ገብቼ ስሠራ የመጨረሻው ጥያቄ (3ሀ − 2ለ) + 8ሀ ይላል። እንዲህ የቀለለ ጥያቄ ለመምህር ይሰጣል? ቅንፉን አንስቼ 11ሀ − 2ለ ብዬ ጻፍኩ፤ ስቄም ነበር።

ወረቀቱ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሰ። ከታች በቀይ ቀለም «ከቅንፉ ፊት መቀነስ አለ። ይህ መምህር የቅንፍን ደንብ አያውቅም» ይላል። ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል። ቅጠሉ ከተጣለ ቆይቷል፤ ግን ጅማቱን ተከትዬ መጻፌ ትዝ አለኝ። እኔ! ልጆቹን የምቆጣው እኔ!

ቤት ያከራዩኝ የወላይታ ባልቴት ደጃፌ ላይ ተቀምጬ አገኙኝ።

«ምነው? ሰው ሞተ?»

«አይ እማማ። የማውቀውን አያውቅም አሉኝ።»

«ንገራቸዋ።»

«ሩቅ ናቸው። እዚህ ደግሞ የሚሰማኝ የለም።»

የተሸከሙትን የጎደሬ ቅርጫት አስቀምጠው አጠገቤ ቁጭ አሉ። «ለእኔ ንገር።»

ነገርኳቸው። ከቅንፍ ፊት መቀነስ ካለ ውስጥ ያለው ሁሉ ምልክቱ ይለወጣል፣ አንዱም አይቀርም አልኳቸው። ሦስቱ ሀ ተቀናሽ ይሆናል፣ ተቀናሽ የነበረው ሁለት ለ ይደመራል፣ ስምንቱ ሀ ከቅንፉ ውጭ ስለሆነ አይነካም፤ አምስት ሀ ሲደመር ሁለት ለ ነው መልሱ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ካልኩት አንዱም እንዳልገባቸው አውቃለሁ። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ታውቃለህ» አሉኝ።

እናቴ ስትሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።