የዓሣ ቤቱ ወፍራም ፊደል

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ታፔላ ጸሐፊ ነበርኩ። ያኔ ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ፤ ፊደል ቢያምርም ቢያስጠላም የእጅህ ሥራ ነው። የኔ መታወቂያ ወፍራሙ ፊደል ነበር፤ እግሩ እንደ ሙቀጫ የደነደነ፣ ጥቁር፣ ዙሪያውን በነጭ መስመር የታጠረ። ከሩቅ ይጣራል። የሰፈሩ እድር ወዶት የለቅሶ ድንኳኑ ላይ ስሙን በዚያው አስጻፈኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር የኔ ፊደል አብሮ ይተከላል።

ባሏ የሞተባት ታላቅ እህቴ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከጨንቻ ወረደችና ዓሣ ቤት ልትከፍት ሆነ። ታፔላው የኔ ድርሻ ነው።

«እንደ ድንኳኑ አድርገህ ጻፍልኝ፤ ዓይን የሚስበው እሱ ነው።»

«እትዬ፣ ትንሽ ቀጠን ባደርገውስ?»

«አንተ ደግሞ! ቀጭን ፊደል ማን ያያል?» አለችኝ። እሷን ተከራክሮ የረታ የለም፤ ጻፍኩላት። ቤቱ ካልሠራ ተመልሳ ከነልጆቿ የአማቶቿን እጅ ማየቷ ነው። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፤ አናነሳውም እንጂ።

የተከፈተው በገበያ ቀን ነበር። ዓሣው ዘይቱ ውስጥ ይንጣጣል። ከደጋው ከኦቾሎ የወረዱ ሰዎች በር ላይ ቆም አሉ፣ ታፔላውን አዩ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንገታቸውን ደፍተው ገቡና አግዳሚው ላይ ተደርድረው ዝም! እህቴ ትሪ ይዛ ብቅ ስትል አንድ አባት ብድግ ብለው «ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት።

የተጻፈውን ማንበብ አይችሉም፤ መልኩን ግን ያውቁታል። እንዲያ ያለ ፊደል ያዩት ለቅሶ ላይ ብቻ ነው፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ዝም ብሎ አይታለፍም። ደግ ሰዎች፣ ምን ላድርጋቸው! «ኧረ አባቴ፣ ዓሣ ቤት ነው!» ስላቸው አፍረው ተያይዘው ወጡ። እህቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ያንን ቃል በባሏ ሞት ጊዜ ሰምታ ሰምታ መሯታል። «በቃ፣ ወደ አማቶቼ እመለሳለሁ» አለች።

ታፔላውን አውርጄ ጓሮ ወሰድኩት። ፊደሉን ግን አላቀጠንኩትም፤ እልህ ያዘኛ! እያንዳንዱን ወፍራም እግር በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር መስመር ሞላሁት፤ የጨንቻ ሸማኔዎች ለበዓል ሱሪ የሚሠሩትን ድንጉዛ አስመስዬ። ከዚያ ቀለሙ ሳይደርቅ ዝናብ እንዳይመጣ ስጸልይ ዋልኩ።

በሚቀጥለው ገበያ ሰቀልኩትና ማዶ ቆሜ ጠበቅኩ። በጋሞኛ እየተጫወቱ የሚመጡ ጥጥ ሻጭ ሴቶች ቆም አሉ። አንዷ ወደ ታፔላው ጣቷን ቀስራ ሳቀች።

«ሠርግ ነው እንዴ?»

«ሠርግ ነው፣ ግቡ!» አለች እህቴ ከበሩ።

ገቡ። እየተሳሳቁ፣ እየተገፋፉ ገቡ፤ እነሱን ያየ ሌላውም ተከተለ። ኡፍ! እንደዚያን ቀን ጫጫታ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ትንሽ ቆይቶ እህቴ ከጓዳ «አንተ፣ ምን ይገትርሃል? ዓሣው አልቋል፣ ጫሞ ሐይቅ ሩጥ!» ብላ ጮኸችብኝ።

በፒክአፕ ዓሣ ጭኜ ስመለስ መሽቶ ነበር። ጓዳ ብገባ፣ እህቴ ከጨንቻ ከወረደች ጀምሮ እንደታሰረ የተቀመጠውን የልጆቿን የልብስ ጥቅል ፈታ፣ አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ትሰቅላለች።