ገዳዩ ገቡ

እኛ ቤት አንድ ሕግ አለ። የወንጀል ልብ ወለድ ቀድሞ ያነበበ ሰው ገዳዩ ማን እንደሆነ አይናገርም። «እሱ ነው» ማለት ክልክል ነው፤ «እሱ አይደለም» ማለትም ክልክል ነው። ሳል ሳል ማለት፣ «ቆይ ታያለህ» ብሎ ፈገግ ማለት፣ ሁሉም እንደ መናገር ይቆጠራል። ሕጉን ያወጣው አባቴ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሲሰጠኝ አብሮ ሰጠኝ። እስከ ዘንድሮ ድረስ አንዳችንም ጥሰነው አናውቅም ነበር።

የምንኖረው ካዛንቺስ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ሲሆን ሱቁ ላንቻ ነው። ደንበኛ ከሌለ እግሩን ከስፌት መኪናው ሳያነሣ ያነባል። ስለዚህ የቤታችን መጻሕፍት ሁሉ የልብስ ጠመኔ አሻራ አለባቸው፤ በጣም ያጓጓው ገጽ በጠመኔው ብዛት ይታወቃል። ሱቁን የሚጋሩት የወሎ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ከአባቴ ይበልጣሉ፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ ማንንም ሰው አንተ ብለው አያውቁም። ዩኒፎርም ሊለካ የመጣ የአምስት ዓመት ልጅ እንኳን «ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ጌታዬ» ይሉታል። ልጁ ዞር ብሎ ማንን እንደሚያናግሩ ይፈልጋል።

አባቴና እኔ የምንወደው ደራሲ አንድ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ከዚህ በታች ለምናገረው ነገር ስል። እኛ ቤት አንተ ነው የምንለው፣ እንደ ዘመድ። «ሰሞኑን ጠፋ» ይላል አባቴ፣ የአክስቱ ልጅ ይመስል። ልብ ወለድ የማትወደው እናቴ ደግሞ «ከጠፋ ለፖሊስ አመልክቱ» ትላለች። የዚህ ሰው ጥበብ መደበቅ ነው። በድሮዎቹ መጻሕፍቱ ገዳዩ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ፊት ለፊታችን ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል፤ እኛ ግን የስኳሩን ዕቃ ስናይ ያመልጠናል።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ሥነ ጽሑፍ የመረጥኩትም በእሱ ሰበብ ነው ማለት ይቻላል። ከብዙ ዝምታ በኋላ አዲስ መጽሐፍ ማውጣቱን የሰማሁት ግቢ ውስጥ ነው፤ በዚያው ቀን ደምበል ጋ ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ ገዛሁት። ለአባቴ በራሴ ገንዘብ የገዛሁለት የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። አገላበጠው፤ አሸተተው፤ መልሶ ሰጠኝ።

«አንቺ ቅደሚ።»

«ላንተ ነው እኮ የገዛሁት፣ አባዬ።»

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትቅደም። እኔ የሠርግ ሱሪ ነፍሴን ይዞታል።»

ስለዚህ በክብር ቀደምኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። መስቀል ፍላወር ያለ ሆቴል ባለቤት ተገድሎ ይገኛል። የሚጠረጠሩት ሾፌሩ፣ ሚስቱ፣ ታናሽ ወንድሙና ጎረቤቱ ናቸው። ጎረቤቱ ከዘራ የያዙ ጡረተኛ ዳኛ ናቸው። ደራሲው ሁሉንም እሱና እሷ እያለ ሲተርክ፣ እሳቸውን ብቻ በአንቱታ ይጠራል። ገጽ ሠላሳ ሰባት ላይ ገዳዩ፣ ማንነቱ ሳይገለጽ፣ ወደ ሟቹ ክፍል ይሄዳል። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦

«ገዳዩ ኮቴውን አጥፍቶ ኮሪደሩን አቋረጠ። በሩ ጋ ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ ገቡ።»

ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። «ገቡ?» አልኩ፣ ሳላስበው ጮክ ብዬ።

«ማን ነው የሚገባው?» አለ ረዳቱ። «ሞልቷል! በቃ!»

መጽሐፉን ከደንኩት። ደራሲው አምልጦታል ብዬ ማመን ግን አልቻልኩም። እሱ አያመልጠውም። ካዛንቺስ ሳልደርስ ማብራሪያ አገኘሁለት፦ «ገቡ» አንቱታ ሳይሆን ብዙ ቁጥር ነው። ገዳዮቹ ሁለት ናቸው! አንዱ ኮሪደሩን አቋረጠ፣ ሌላው በሩ ጋ ጠበቀው፣ ከዚያ ገቡ። እንዴት ያለ ብልጠት! በዚህ ተጽናንቼ ማንበቤን ቀጠልኩ። በየምዕራፉ ሁለተኛውን ገዳይ ጠበቅኩ። መርማሪው ከካዛንቺስ እስከ ላንቻ በእግሩ ሮጦ መኪና ሲቀድም ታገሥኩት። ሚስትየዋ በየገጹ «በምሥጢር ፈገግ ስትል» ታገሥኳት። መጨረሻው ላይ ዳኛው ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ ይሉና አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይናዘዛሉ። ብቻቸውን። ሁለተኛ ሰው የለም። የድሮው ደራሲያችን ገዳዩን በአንዲት ፊደል አሳልፎ ሰጥቶታል።

በጣም አዘንኩ። ይበልጥ ያስፈራኝ ግን አባቴ ነበር። ከአባቴ ጋር ብዙ የምናወራው ነገር የለንም፤ እሱ ዝምተኛ ነው፣ እኔም አፋር ነኝ። የምናወራው ስለዚህ ሰው ገዳዮች ነው። አባቴ ደራሲውን ከተወው እራት ላይ ስለ ምን ልናወራ ነው?

«እህ፣ እንዴት ነው?» አለኝ መጽሐፉን ስሰጠው።

መዋሸት አልፈለግኩም። ሕጉንም መጣስ አልፈለግኩም። «ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ አባዬ። ዓይን አያደክምም። ወረቀቱም ወፍራም ነው።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «ስለ መጽሐፍ ነው የምታወሪው ስለ መነጽር?»

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ለእኔ ከፈተና ይከብድ ነበር። አባቴ ማታ ማታ የደረሰበትን ይነግረናል። ለሁሉም ነገር ምክንያት ያገኝለታል። ስለ ሩጫው እንኳን «ልክ ነው እኮ» አለ። «በዚህ ትራፊክ ሯጭ መኪና ይቀድማል። እኔ ራሴ አንዳንዴ ልሞክረው ይቃጣኛል።» እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ እበላለሁ። አንድ ቀን ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ገጽ ሠላሳ ሰባትን ደግሞ አንብቦት ኖሮ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ጣቱን ቀሰረ።

«ሁለት ናቸው!»

«ምኖቹ?» አለች እናቴ።

«ገዳዮቹ! አየሽ ብልጠቱን? ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈዋል። አንድ ሰው ሲሄድ ሲሄድ ይቆይና ‹ከዚያ ገቡ› ይላል። ገቡ! ሹልክ አድርጎ አስገባት። ድሮም እሱ እኮ...» እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቷል። ወደ እኔ ዞረ፣ ግን ሕጉን አስታውሶ ፊቱን መለሰ።

እኔ ሽሮዬን አየሁ።

«ሁለት ለመሆናቸው ምን ማስረጃ አለህ?» አለች እናቴ እንጀራ እየቆረሰች።

«ገቡ ይላል አልኩሽ።»

«አንቱ የሚባል ሰው ሊሆን ይችላላ። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንቱ የሚባል የለም?»

አባቴ እጁ ሳህኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ሲያስብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ መጀመሪያ «ሾፌሩ» አለ፣ ከዚያ «ወንድምየው»፣ ከዚያ ከንፈሩ ቆመ። ደስታው ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁትና አላስቻለኝም።

«እሳቸው አይደሉም!» አልኩ።

አባቴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «እነማን ናቸው እሳቸው?»

«ማለቴ... ማንም። ማንንም አላልኩም።»

«ሕጋችን ምን ይላል?»

«ነው አይባልም። አይደለምም አይባልም።»

«አይደሉም ብለሽ የማታውቂ ልጅ ዛሬ አይደሉም ካልሽማ፣ ናቸው።»

እናቴ ሁለታችንንም በየተራ ተመለከተች። «ይኸው ነው እንዴ ነገሩ? ለዚህ ነው መብራት የምትጨርሱት?» አለችና ሳህኖቹን ሰበሰበች። አባቴ መጽሐፉን ከድኖ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ያን ምሽት ስለ ዝናብ አወራን። ሁለታችንም ስለ ዝናብ ብዙ የምናውቀው የለንም።

በማግስቱ ከክፍል ስወጣ ይቅርታ ልጠይቀው ላንቻ ወረድኩ። ጋሼ ጨርቅ ሊገዙ ወጥተዋል። አባቴ መጽሐፉን ጨርሶ፣ ስፌት መኪናው ላይ ከፍቶ አስቀምጦታል፤ ገጽ ሠላሳ ሰባት ነው።

«ጨረስከው እንዴ?»

«ጀምሮ መተው የለም» አለ። ከዚያ «አረጀ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ስለ ዘመድ ጤና እንደሚጠይቅ ሰው።

«አንዲት ፊደል ናት እኮ፣ አባዬ።»

«እሱ ነው የሚያናድደኝ። አንዲት ፊደል።» መጽሐፉን ወደ ብርሃን አዞረው። «ጋሼሽ ከእኔ ቀጥለው ሊያነቡት ተራቸውን እየጠበቁ ነው። እሳቸውም እንደ እኛ ይሁኑ?»

ከመሳቢያው ስፌት የሚፈታበትን ምላጭ አወጣ። ጎንበስ አለና የ«ቡ»ን ቅጥያ ከጎኗ ቀስ እያደረገ ፋቃት፤ ወረቀቱ ወፍራም ስለነበረ አልተበሳም። «በ» ሆነች። እስክሪብቶ ተቀብሎኝ ቀኝ እግሯን ወደ ታች ሳባት። «ባ» ሆነች። «ከዚያ ገባ» ይላል አሁን። አባቴ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ሥራውን መረመረ።

«እግር ማስረዘም ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ነው» አለ። ከትናንት ማታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ጋሼ መጽሐፉን እስኪጨርሱ ድረስ ሰበብ እየፈለግኩ ሱቁ እመላለስ ነበር። አባቴ ማታ ማታ የእሳቸውን ግምት ያመጣልኛል፤ «ዛሬ ሾፌሩን ይዘዋል»፣ «ዛሬ ሚስትየዋ ጋ ደርሰዋል»። ደራሲያችን በጋሼ በኩል እንደ ድሮው መደበቅ ጀምሮ ነበር፤ እራታችንም ወደ ወጉ ተመለሰ። የጨረሱ ዕለት ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ለአባቴ መለሱለት።

«ግሩም ነው» አሉ። «ዳኛው ይሆናሉ ብዬ በሕልሜም አልጠረጠርሁም። እንዴት አድርገው ሸሸጓቸው እኚህ ደራሲ!»

አባቴ ወደ እኔ አየ። እኔም ወደ እሱ አየሁ። ሁለታችንም ሳል እንኳን አላልንም።

«ብቻ አንድ ነገር ቅር ብሎኛል» ቀጠሉ ጋሼ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ገጹን በወረቀት ምልክት አድርገውበት ኖሯል፤ ገለጡትና ጣታቸውን መስመሩ ላይ አኖሩ። «ሰውዬው ነፍስ አጥፍተዋል፤ እሱስ ክፉ ነው። ግን ትልቅ ሰው አይደሉም እንዴ? መጽሐፉን ሙሉ በአንቱታ ኖረው እዚህ ቦታ ላይ ምን እንዳሏቸው ይመልከቱ። ‹ገባ›! ሽበታም ሰው ‹ገባ› ይባላል? ‹ገቡ› ነው እንጂ! ምነው፣ የሚያርም ሰው ጠፋ?»

አባቴ መጽሐፉን ተቀብሎ መስመሩን ለረጅም ጊዜ አነበበ።

«ልክ ብለዋል» አላቸው በመጨረሻ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ሱሪ ቢሆን ማሳጠሩ ይቀል ነበር» አለኝ።