ከግድግዳ የወረደው የኮርሳ ጎማ

ከደሴ የምወጣበት ዋዜማ ማታ እናቴ ስንቄን ትታ ብስክሌቴን ነበር የምትጠቀልለው። አሮጌ ጆንያ ተርትራ በወስፌ እየሰፋችለት፣ «ሰውስ ይሁን፣ ይሄ ከሲታ ያን ሁሉ አገር እንዴት ይዘልቀዋል?» ትላለች። ከሲታ ያለችው ኮርሳዬን ነው፤ ጣልያን ጥሎት የሄደ፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ የታጠፈ፣ ጎማው ከአውራ ጣት ብዙም የማይወፍር የእሽቅድምድም ብስክሌት። ሐረር መምህር ሆኜ ተመድቤ ነበር። «ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ አይደል?» አለችኝ ክሩን በጥርሷ እየቆረጠች። «ሁለት ዓመት ብቻ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት እንዳለፈ እናንተ ደሴ ያላችሁት ታውቃላችሁ፤ እኔን አታስቆጥሩኝ።

ሐረርን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! ጦሳ ተራራ ሥር ጋቢ ደራርቦ ላደገ ሰው፣ በማለዳ በሸሚዝ ብቻ መውጣት ራሱ ሹመት ነው። ገሽጣ የሚሉት ፍሬ አለ፤ ሲበሉት ከመዋጥ ይልቅ ዘሩን መትፋቱ ይበዛል፣ ግን አይተውም። ሰዉ «አቦ» ሳይል ወሬ አይጀምርም። ከምሳ በኋላ ከተማው ጫት ላይ ስለሚቀመጥ ጉዳይ ያለው ሰው በጠዋት ይጨርስ። እኛ አገር ሰው ሲያኮርፍ ወር ይፈጃል፤ እዚህ ተቆጥቶ ሳይጨርስ ይስቃል።

ትምህርት ቤቴ ድሬ ጠያራ የሚባል ገጠር ነው። እኔ ግን የምኖረው ከተማ ሆኖ በብስክሌት እመላለስ ነበር፤ ስልክ ቤቱ ያለው ከተማ ነዋ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ደሴ ስልክ ቤት መጥታ ትጠብቀኛለች። ገጠር የሚያድሩት መምህራን ደግሞ ቅዳሜ ጎልማሶች ያስተምራሉ። ስለዚህ ብስክሌቴ ማለት የእናቴ ድምፅ ማለት ነበር።

አንድ እሑድ ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ በቁልቁለቱ ስወርድ፣ እንጨት የተጫነች አህያ ፊቴ ተገተረች። አህያዋን አተረፍኩ። የኋላ ጎማዬ ግን ድንጋይ መትቶት ከነቸርኬው ተጣሞ ስምንት ቁጥር ሆነ። ሰኞ በእግሬ ሄጄ አርፍጄ ስደርስ ዲሬክተራችን አቶ ሽፈራው በር ላይ ጠበቁኝ።

«መንግሥት የቀጠረው አንተን ነው ወይስ ብስክሌትህን?»

«ሁለታችንንም ነው ጌታዬ፤ ደመወዙን ግን ለብቻዬ ነው የምበላው።»

አልሳቁም። «እስከ ወሩ መጨረሻ በሰዓቱ መድረስ ካልቻልክ እዚሁ ጎጆ እንሰጥሃለን። ቅዳሜም ታስተምራለህ» አሉኝ። ቅዳሜ ደግሞ የእናቴ ናት።

ጎማ ፍለጋ ተነሳሁ። ሐረር ብስክሌት አይጠፋም፤ ያለው ግን ሁሉ ያ ወፍራሙ የእንግሊዝ ነው፣ ጎማው የእኔ ላይ አይገባም። ድሬዳዋ ድረስ ወረድኩ። ሻጩ አንድ ወፍራም ጎማ አምጥቶ፣ «ብስክሌትህን ከኋላ ፈልቀቅ ብናደርገው ይገባል» አለኝ። «ወንድሜ፣ ለጫማው ሲባል እግር ይጠረባል?» ብዬው ባዶ እጄን ተመለስኩ።

አከራዬ እትዬ ዘነበች አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው የቀሩ፣ እሳቸው ሐረር የተወለዱ ናቸው። ሐዘኔን አይተው፣ «እንዲህ ያለ ከሲታ ጎማ ከነቸርኬው ጀጎል እማማ ረውዳ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ» አሉኝ።

«ግድግዳ ላይ?»

«ከስፌቱና ከሳህኑ መሀል። ልጃቸው ብስክሌቱን ሸጦ ጅዳ ሲሄድ ትርፍ ጎማው ቀረ። ብቻ አደራህን፣ ገንዘብ እንዳትጠራ፤ የሰጡህንም ጠጣ።»

ረቡዕ ከሥራ መልስ ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ስፌት ነው፤ መሀሉ ላይ የእኔው ልክ፣ ቀጭኑ ጎማ! ዓይኔን ልነቅል አልቻልኩም። እማማ ረውዳ ሆጃ አቀረቡልኝ፤ በወተት የተፈላ የቡና ገለባ ነው። ወተት፣ በረቡዕ! ጾም ነው ብል ባበቃ ነበር። እኔ ግን በአገሬ ወግ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጠግቤአለሁ» አልኩ። እኛ ዘንድ ባለቤት «በሞቴ» ይላል፣ እንግዳ ይግደረደራል፣ ከዚያ እውነቱ ይወጣል። እሳቸው ሲኒውን ዝም ብለው አነሱት። ስለ ጎማው ሳነሳ «እሱ አይወርድም» ብለው ወደ በሩ ተመለከቱ።

እትዬ ዘነበች ጉዱን ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። «ሲኒዬን ተጸየፈው ብለው ነዋ! ጾም ነኝ ማለት አቃተህ?»

«ይለምኑኛል ብዬ ነው።»

«እዚህ ጠግቤአለሁ ካልክ ጠግበሃል፤ ማን ይለምንሃል?»

በማግስቱ ተመልሼ ደፉ ላይ ቆምኩ። «እማማ፣ ትናንት ረቡዕ ነበር፤ ጾም ሆኜ ወተቱን ፈርቼ ነው እንጂ ሲኒዎን አልተጸየፍኩም።»

«ሱብሃነላህ! ሰው ጾሙን ይደብቃል እንዴ፣ አቦ? ግባ!» ሆጃውን ቀዱልኝ። ለራሳቸው ግን አልቀዱም።

«እርስዎስ?»

«ዛሬ ሐሙስ አይደል? ጾመኛዋ እኔ ነኝ።» ብድግ ልል ስል፣ «ተቀመጥ! ወላሂ ትጠጣታለህ» አሉኝ። ጾመኛ ፊት መጠጣቱ አሳፍሮኝ በትንሽ በትንሹ ስጎነጭ እያዩኝ ይስቃሉ፤ እኔንም ሳቅ አመለጠኝ። ሐረር ከገባሁ እንደዚያ ቀን የሰው ቤት ሞቆኝ አያውቅም።

ስለ ጎማው ትንፍሽ አላልኩም። ራሳቸው ቀና ብለው አዩት። «ልጄ ከላይ ፔዳሉን ሳይረግጥ ሲወርድ ጎማው ጨርጨርጨር ይል ነበር። እሱን ስሰማ ምሳውን አቀርባለሁ። ባወርድልህ በዚህ በር ታልፋለህ?»

«መንገዴ ዙሪያ ቢሆንም በየቀኑ አልፋለሁ።»

«አልሸጥልህም። አማና ነው፤ ልጄ ኢንሻላህ ሲመጣ በእጁ ትሰጠዋለህ። እስከዚያ ከሐረር አገር አይወጣም።»

አማና ያሉት እኛ አደራ የምንለው ነው። «እሺ» አልኩ። ደስታ ያሰከረው ሰው ሌላ ምን ይላል?

ጎማው ልክክ አለ። ሰኞ ከደወሉ በፊት ስደርስ አቶ ሽፈራው የእጅ ሰዓታቸውን ቆሞ እንደሆነ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አዳመጡ። ከሥራ መልስ በእማማ ረውዳ በር ጨርጨር እያደረግሁ አለፍኩ፤ ከውስጥ «አልሐምዱሊላህ!» ሲሉ ሰማኋቸው።

ቅዳሜ ስልክ ቤት ገብቼ ለእናቴ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ስለ ሆጃው ስትሰማ እስክታስል ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ጎማውን መቼ ነው የምትመልስላቸው?»

«ልጃቸው ሲመጣ።»

«እሱ ካልመጣ አንተም አትመጣም ማለት ነው?»

እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። «እማዬ፣ አደራ እኮ ነው» አልኳት።

«እኔስ? እኔ አንተን ለማን ነው አደራ የሰጠሁት?»

ስልክ አገናኟ መሀል ገባች። «መስመሩ ይፈለጋል፤ ጨርሳችኋል?»

«አልጨረስንም!» አልናት፣ እናቴ ከደሴ፣ እኔ ከሐረር፣ እኩል።