ጠረጴዛዬን ሳጥፍ ያዩኝ ጎረቤት

ዛሬ ጠዋት ግቢ ውስጥ ታጣፊ የሥራ ጠረጴዛዬን ሳጥፍ ጎረቤቴ ኦቦ ዲንሳ በአጥሩ በኩል አዩኝና ፊታቸው ተለወጠ።

«አካም ልጄ። ልትሄድ ነው እንዴ?»

ቡራዩ ውስጥ ተከራይ አናጢ ነኝ። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ረብሻ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ፣ ዕቃውን የሰበሰበ ሁሉ ሰፈሩን ሊለቅ ነው ይባላል። እኔ የማጥፈው ግን ክፍሌ ጠባብ ስለሆነች ነው። ጠረጴዛው ሳይታጠፍ ከገባ እኔ ውጭ አድራለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ኦቦ ዲንሳ እንድሄድ የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር። ፕላኑ የሚነካው የእሳቸውን የጤፍ ማሳ ነው፤ እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣሁ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ነው ያለፍኳቸው።

«አልሄድም ኦቦ፣ ክፍሉ ጠቦኝ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ዘርጋው» ብለው የተሰነጠቀ ቀንበር ይዘው መጡ። «መሬቱን ወሰዱም አልወሰዱም፣ በሬዎቹ ቀንበር ይፈልጋሉ።»

ቀንበሩን በኮላ አጣብቄ በጠረጴዛው መቆንጠጫ፣ በሞርሳው፣ አጥብቄ አሰርኩት። እስከ ነገ ስለማይነካ ጠረጴዛው ዛሬ ሳይታጠፍ ውጭ ያድራል።

ኦቦ ዲንሳ ከዚያ ወዲህ ሁለቴ መጥተው በአጥሩ አዩት። ኮላው መድረቁን ለማየት ብቻ አይመስለኝም፤ እኔም አለመሄዴን ለማየት ጭምር እንጂ።

እናንተስ፣ ሰሞኑን አንገታችሁን ደፍታችሁ ያለፋችሁት ጎረቤት ኋላ ምን አላችሁ?