የሀጅራን ስም ያልተናገርኩበት ቀን

ባለፈው ሰኞ ልጄ ሰላም ድምፄን ልትቀዳ ስልኳን ከፊቴ አስቀምጣ፣ «እማ፣ ከፈለግሽው ቦታ ጀምሪ» አለችኝ። ከጓደኞቿ ጋር ሆና ሴቶች በጦርነት ጊዜ ያደረጉትን፣ ማንም ያልጻፈውን፣ ኢንተርኔት ላይ የሚያሰባስቡበት ገጽ ከፍተዋል። እኔ ግን የማውቀው ታሪክ አንድ ነው፤ እሱም የእኔ አይደለም።

መንግሥት ተለውጦ፣ የእኛ የአሶሳው ክልል ገና በተቋቋመ ሰሞን ነው። ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ልጅ ነኝ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አሶሳ ውስጥ፣ ወንበር እንኳ ባልተሟላለት ቢሮ፣ ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። አንድ ቀን አለቃዬ አቶ ደረሰ መንግሥቱን በጣለው ጦርነት ማን ምን እንደሠራ መንደር ወርደን እንድንመዘግብ መታዘዛችንን ነገሩኝና ደብተር ይዤ ተከተልኳቸው። ነሐሴ ነበር። ወደ መንጌ የሚወስደው መንገድ ቀይ ጭቃ ሆኖ መኪናዋን ሦስት ጊዜ ገፋናት።

ወንዶቹ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የተዋጉትን በየስማቸው አስመዘገቡ። እስከ ምሳ ድረስ አንድም የሴት ስም አልጻፍኩም። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ያቀረበችልን ሀጅራ የምትባል፣ ከወንዝ አሸዋ ወርቅ እያጠበች የምትኖር ሴት ናት፤ አርባ ቢሆናት ነው። እጄን ስታስታጥበኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አወራችኝ። በውጊያው ሰሞን ወንዝ ዳር አንድ ቁስለኛ ወታደር አገኘች። የወንድሟን ቤት ካቃጠሉት ወገን ነው። በተተወ የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ አስተኝታ፣ በቀርከሃ ሸፍና፣ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ ገንፎ እያጎረሰች አስታመመችው። ብትያዝ ትገደል ነበር። ለምን እንዳደረገችው ጠየቅኳት።

«ልጅ ነው። እናቱ የት አለ?» አለች። ከዚያ ደብተሩን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ወንድ ሁሉ ተጻፈ። እኔም ጻፍ።»

አማርኛዋ ለሴትም ለወንድም አንድ ነው። ታሪኩን ጻፍኩ። ስሟን ከነአባቷ ለማስፈር ቦታ ትቼ ሳልሞላው አቶ ደረሰ ከመኪናው ጠሩኝ።

ስንመለስ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ታጣቂዎች አስቆሙን። ያኔ መንገዱን የሚይዘው ሰው በየሳምንቱ ይለዋወጥ ነበር። አዛዣቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ቅጠል በቅጠል ያነብ ጀመር። ካፊያው ወረቀቱን ያረጥበዋል። አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይቺ ጠላት የደበቀች ሴት ማን ናት?»

አላውቃትም አልኩ። ቤቷን አሳዪን፣ እንመለስ አለ። አቶ ደረሰ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ንገሪውና እንሂድ» አሉኝ። ሴትየዋ የሌላ መንደር ሰው ናት፣ ወርቅ ልታጥብ መጥታ ሄዳለች አልኩ። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ እመለከት ነበር። በመጨረሻ ገጹን ቀድዶ ኪሱ ከተተና ለቀቀን።

ከመንጌ ገበያ የሚመጡ ነጋዴዎች ደህና መሆኗን እስኪነግሩኝ ድረስ እህል አልዋጥልሽ አለኝ። ታሪኩን ግን መልሼ አልጻፍኩትም። መጀመሪያ ፍርሃት ነበር፤ በኋላ ልማድ ሆነ።

ለሰላም ከነገርኳት በኋላ የሀጅራን ልጅ አፈላልጋ አሶሳ ውስጥ አገኘቻት። ሀጅራ ከሞተች ቆይታለች። ልጇ ቤት ሄደን ስነግራት እስከ መጨረሻው አዳመጠች። እናቷ ይህን አንድም ቀን አልነገረቻቸውም። የእናቷን ስም ከነአባቷ እንድንጽፍ ፈቀደችልን። ከዚያ ልጆቿን ከጓዳ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችና እንደገና ከመጀመሪያው እንድነግራቸው ለመነችኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት ሀጅራን ከታጣቂዎቹ የደበቅኳት ይመስለኝ ነበር። ለካ ከልጆቿም ደብቄያታለሁ።