እናቴን የተሳሳተ ባቡር ያሳፈርኩበት ቀን

አሥር ዓመቴ ላይ የቤታችን አንባቢ እኔ ነበርኩ። ኢትዮጵያውያን በሚበዙበት በእስራኤሉ ክርያት ሞሼ ሰፈር በዚያ ዘመን ያደግን ልጆች ሁሉ ይህን እናውቀዋለን። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ፣ ከትምህርት ቤት ወረቀት ሲላክ፣ እናቶቻችን እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው የዕብራይስጡን ደብዳቤ ለእኛ ይሰጡን ነበር። እኛም እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሯችንን ጠርገን፣ ያልገባንን እየዘለልን እናነብላቸዋለን። እናቴ ስለ እኔ ለጎረቤት ስታወራ «ዓይኔ እሷ ናት» ትል ነበር። ያ ቃል ያኮራኝ ነበር። ክብደቱን ያወቅሁት አንድ ዝናባማ የክረምት ቀን ነው።

እናቴ ከአባቴ ጋር እስራኤል የገባችው እኔ ሳልወለድ ነው። እናቷ፣ እምዬ ጥሩዬ፣ ወረቀቷ አላለቀም ተብሎ ጎንደር ቀረች። ዛሬ ነገ ሲባል አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። አያቴን የማውቃት በስልክ ብቻ ነበር። ዓርብ ዓርብ ሻባት ከመግባቱ በፊት እንደውላለን፤ መስመሩ ይቆራረጣል፣ እሷም የምትናገረው ፈጥና ስለሆነ ከአማርኛዋ ግማሹ ያመልጠኝ ነበር። ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ ጥርሴ ወልቆ እንደሆነ፣ የወለቀውም በቅሎ እንደሆነ።

አንድ ማታ ስልክ ተደወለና አያቴ ከነገ ወዲያ ጠዋት እንደምትገባ ተነገረን። እናቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ነገሩ ግን ደስታ ብቻ አልነበረም። እንግዶቹ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ፤ አዲስ ገቢዎች መጀመሪያ የሚያርፉበት መርካዝ ክሊታ እዚያ ነበር። ለእኛ ሰሜን ሩቅ ነው። መኪና የለንም፣ አባቴ ያን ሳምንት ለሥራ ኢላት ወርዷል፣ እናቴም ከምትሠራበት የአረጋውያን ቤት እንደገና ፈቃድ የምታገኘው ለፋሲካ ነው። አውቶቡሱ ሳይነሳ ካልደረስን አያቴን ለወራት አናያትም ማለት ነው።

በቀጠሮው ቀን ማልደን ወደ ባቡር ጣቢያው ወረድን። ዝናቡ ከጎን እየመታን ነበር። እናቴ ከካፖርቷ ሥር ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሌሊት የጋገረችውን ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። እኔ የያዝኩት ለአያቴ የተገዛውን ወፍራም ካፖርት ነው፤ የዚህን አገር ብርድ አታውቅም ብላ እናቴ ከገበያ የመረጠችው። ጣቢያው በእርጥብ ልብስና አይብ በተሞላ ትኩስ ቡሬካስ ሽታ ታፍኖ ነበር። እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ ሰሌዳውን ማንበብ ያዝኩ። በድምጽ ማጉያው አንድ ነገር ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ግን ማንበብ ለምችለው ለእኔ መስማት ምን ያደርግልኛል? ባቡሩ ከች ሲል «ያላ እማ» ብዬ በእጅጌዋ ጎትቼ አሳፈርኳት።

መስኮት ዳር ተቀምጠን እግሬን እያወዛወዝኩ ነበር። ጥቂት ደቂቃ ሄደን የሚቀጥለው ጣቢያ ያቭኔ መሆኑ ሲነገር እግሬን ማወዛወዝ ተውኩ። ያቭኔ ወደ አሽዶድ፣ ወደ ባሕሩ መንገድ እንደሆነ ከትምህርት ቤት ጉዞ አውቃለሁ። አውሮፕላን ማረፊያው በተቃራኒው ነው። በኋላ እንደገባኝ፣ በድምጽ ማጉያው የተነገረው የእኛ ባቡር መነሻ ተቀይሮ በሌላው ወገን እንደሚቆም ነበር።

ለእናቴ ስነግራት አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዳቦውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እጆቿን ብቻ ታይ ጀመር። ያኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ድምጼን ለማፈን ብሞክርም አልሆነልኝም።

ከፊት ለፊታችን ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ተቀምጠው ነበር። እግራቸው ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ድስት አለ፤ የሾርባና የአብሽ ሽታ ይሸታል። ጎንበስ ብለው ምን ሆነሽ አሉኝ። ዕብራይስጣቸው ከጉሮሮ የሚወጣ የየመኖች ዕብራይስጥ ነው፣ ልክ እንደ ጎረቤት ሰፈራችን እንደ ሻዓራይም ሽማግሌዎች። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አያቴን፣ አውቶቡሱን፣ ሰሌዳውን፣ አሥራ አንዱን ዓመት። ሳዕዳ እባላለሁ አሉኝ፤ ያቭኔ የምትኖር ልጃቸው ወልዳ ሾርባ ይዘውላት እየሄዱ ነበር። ባቡሩ ሲቆም ድስታቸውን በአንድ እጅ፣ የእናቴን ክንድ በሌላ እጅ ይዘው ወረዱ።

ጣቢያው በር ላይ የልጃቸው ባል ኤሊ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃቸዋል። እሳቸውን አድርሶ ወደ ሥራው የሚሮጥ ሰው ነው። ሳዕዳ ግን የፊቱን በር ከፍተው እናቴን አስቀመጧት፣ እኔን ከኋላ ከራሳቸው ጎን አደረጉኝና አውሮፕላን ማረፊያ እንሄዳለን አሉት። ኤሊ ሰዓቱን አየ፣ አማቱን አየ፣ እናቴን አየ። ሾርባውስ ብሎ ጠየቀ። እሳቸውም ሕፃኑ የትም አይሄድም፣ እናቱም ትንሽ ብትራብ አትሞትም አሉት። ኤሊ ሳቀና ለአለቃው ደውሎ እንደሚዘገይ ነገረው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ «ቤሰደር፣ ግድ የለም፣ እንደርሳለን» አላት። ያን ያህል ዕብራይስጥ እናቴም ታውቃለች፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነችው።

መንገዱ ተጨናንቋል፣ የመስታወቱ መጥረጊያ ዝናቡን አልችል ብሏል። ግማሽ መንገድ ላይ እጄ ባዶ መሆኑን አየሁ። የአያቴን ካፖርት ባቡሩ ውስጥ ጥዬዋለሁ። በአንድ ጠዋት ሁለተኛ ጥፋት። ለእናቴ መናገር ስላልቻልኩ በሳዕዳ ጆሮ አንሾካሾክሁ። እሳቸውም ትከሻቸው ላይ የነበረውን ወፍራም የሱፍ ፎጣ አውልቀው ጭኔ ላይ አኖሩት። ይበርድዎታል ስላቸው መስኮቱን እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

«እኔ ከየመን በአውሮፕላን ስመጣ ካንቺ አንስ ነበር። ስንወርድ እናቴ የሚቀበለን ሰው አለ እንደሆነ ግራና ቀኝ ታይ ነበር። ማንም አልነበረም። አያትሽ እንደዚያ አታይም።»

አውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ ሰዓቱ አልፏል። እንግዶቹ በዋናው በር አይወጡም ተባልን፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሰደደን። ሳዕዳ ጉልበታቸውን እያመማቸው ከኋላችን ይከተላሉ። በመጨረሻ እናቴ ወለል ሲያጸዱ ያየቻቸውን አንድ አባት በአማርኛ ጠራቻቸው። እኔ ሰሌዳ ሳነብ እሷ ሰው ታነብ ነበር። «አባቴ፣ ይርዱኝ» ብቻ ነው ያለቻቸው። ሰውየው የጎንደር ሰው ነበሩ። መጥረጊያቸውን ግድግዳ አስደግፈው በአንድ ረጅም መተላለፊያ እየመሩ ወደ አውቶቡሶቹ አወጡን።

ሁለቱ ሄደው አንዱ ቀርቷል፤ ሞተሩ ይሠራል። በሩ ላይ ዝርዝር የያዘች ሴት ቆማ ስማችሁ የለም ብላ ከለከለችን። እኔ ለመተርጎም አፌን ስከፍት ሳዕዳ ቀደሙኝ። ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ ሴትዮዋ ግን ወረቀቷን አጠፈችና መንገድ ለቀቀች።

አውቶቡሱ ውስጥ ነጠላ የለበሱ ብዙ አሮጊቶች አሉ። እናቴ መተላለፊያው ላይ ቀጥ ብላ ቆመች፤ አሥራ አንድ ዓመት የሰውን ፊት ይለውጣል። ከመሐል ወንበር አንዲት ትንሽ ሴት ቀስ ብላ ተነሳች። በስልክ ድምጿ ትልቅ ስለነበር እንዲህ ታንሳለች ብዬ አላሰብኩም። የእናቴን ስም ጠራች፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ተሳፋሪው ሁሉ አብሮ አለቀሰ። ከዚያ አያቴ ወደ እኔ ዞረች፤ አገጬን ይዛ ከንፈሬን በአውራ ጣቷ ገለጥ አደረገችና «ሁሉም በቅሏል፣ ተመስገን» አለች።

ሳዕዳ እስከ አውቶቡሱ ደረጃ ወጥተው ፎጣውን በገዛ እጃቸው በአያቴ ትከሻ ላይ አደረጉላት። ሁለቱ በምንም ቋንቋ አይግባቡም፤ አንዷ የሌላዋን እጅ ሳመች። እናቴ ድፎውን ለሁለት ገምሳ እኩሌታውን ሰጠቻቸው። ዝርዝር የያዘችው ሴት ሁለት ባዶ ወንበር አለ፣ አብራችሁ ሂዱና ነገ ትመለሳላችሁ አለችን። በመስኮት ሳያቸው ኤሊ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ዳቦውን መብላት ጀምሮ ነበር።

መንገድ ላይ አያቴ እንቅልፍ ሲወስዳት እናቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። ስለ ካፖርቱም ያኔ ነገርኳት። ፀጉሬን እየዳሰሰች «አንቺ አላጠፋሽም» አለችኝ። «የእኔን ሸክም አንቺን አሸክሜሽ ነው። አንቺኮ ልጅ ነሽ።» በሳምንቱ የማታ ዕብራይስጥ ትምህርት ተመዘገበች።

ዛሬ የሠራዊት አገልግሎቴን ጨርሼ አሽዶድ እሠራለሁ፤ በየጠዋቱ ያንኑ ባቡር በፈቃዴ እሳፈራለሁ። እናቴ ደብዳቤዎቿን ራሷ ታነባለች፤ አንዳንዴ የእኔንም ቀድማ ትከፍታለች። ፉርጎው ውስጥ ሁሉም ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ዛሬ አንዲት ልጅ ከፊት ለፊቴ ብታለቅስ እሰማት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ሳዕዳ አምና አረፉ። እስከዚያ ድረስ በየበዓሉ ሻዓራይም ቤታቸው እንሄድ ነበር። ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ አያቴን እግሯን ስለሚያማት ቤት ሁኚ ብንላት እንቢ አለች። በእኔና በእናቴ መሐል ሆና ደረጃውን ወጣች፣ ከየመን ሴቶቹ መካከል ቁጭ ብላ እንደ አገሯ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰፋ አደረጉላት። ከዚያ አያቴ የሳዕዳን ልጅ፣ ያን ቀን ሾርባዋ የዘገየባትን፣ እጇን ያዘችና ተርጉሚልኝ አለችኝ።

«እዚህ አገር ስገባ የተቀበሉኝ ልጄና እናትሽ ናቸው በያት።»

ብዙ ዓመት ሳልተረጉም ኖሬ ነበር። አንድም ቃል ሳልዘልል ነገርኳት።