ገነቴ የማትጠራው ቃል

አክስቴ ገነቴ አንጋጫ አገር ካገባች ጀምሮ የባሏን አባት ስም ጠርታ አታውቅም። በእኛ በከምባታዎች ወግ ሚስት የአማቷን ስም ብቻ ሳይሆን፣ በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምር ቃልን ሁሉ አታነሳም። የእሷ ጣጣ ደግሞ በቋንቋችን «ጡት» የሚለው ቃል እንደ አማቷ ስም መጀመሩ ነው። ስለዚህ «የሕፃን ምግብ» ትለዋለች። አትሳቁ!

በጃንሆይ ጊዜ፣ «ሴቶች፣ ገላችሁ ላይ እብጠት ካገኛችሁ ሳያማችሁ ክሊኒክ ኑ» ተብሎ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነገረ። አክስቴ እንሰት ስትፍቅ ጡቷ ውስጥ ጠጠር የሚመስል ነገር ነክታ እንቅልፍ አጥታ ነበርና ክሊኒክ ሄደች።

ነርሷ ከአማርኛ ሌላ አታውቅም። አስተርጓሚዋ ብርቅዬ የምትባል፣ ከምባትኛን ገበያ ላይ የለመደች የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ናት።

«የሕፃን ምግብ ውስጥ ጠጠር አገኘሁ» አለች አክስቴ።

ብርቅዬ ቃል በቃል ተረጎመችው።

«እህሉን በደንብ ትልቀም በያት» አለች ነርሷ።

አክስቴ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ቃሉን ብታወጣው አማቷን ማዋረድ ነው፤ ዝም ብትል ያ ነገር አብሯት ቤት ሊገባ ነው። ተመለሰችና የነርሷን እጅ ይዛ ነጠላዋ ስር አስገባችው።

የነርሷ ጣቶች ጠጠሩ ላይ ቀጥ አሉ።

«ምን ልበላት?» አለች ብርቅዬ።

አሁን ቃል የጠፋባት ነርሷ ነበረች።